ከጎታው ጀርባ የከረመችው እባብ

ልጄ ማሽላውን በማዳበሪያ ሞልቶ ከግድግዳው ጥግ ሲደረድር የደረቀው እህል ሽታ ይደርሰኝና፣ የአባቴ ቤት የጭቃ ጎታና ከጀርባው ትኖር የነበረችው እባብ ትዝ ይሉኛል። ያደግሁት ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲኬድ ባለ መንደር ነው። እባቧ ቡናማ፣ መርዝ የሌላት፣ አይጥ አዳኝ ነበረች፤ እኛም ዘበኛዋ እንላት ነበር።

በግንቦት ሙቀት እኔ ውሃ ከምሞላላት ገል አጠገብ ተጠምጥማ ትውል ነበር። በክረምት አይጡ ዝናብ ሸሽቶ ሲገባ እየዋጠች፣ ሆዷ አብጦ ትሰነብት ነበር። ጎረቤት «ወተት ስጧት» ሲል እናቴ «ወተቱ ለልጆቼም አልበቃ፤ እሷ ቀለቧን ራሷ ታገኛለች» ትል ነበር።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ጠንክሮ፣ ዘበኛዋ ማደኗን ትታ ድርቅ ብላ ተኛች። ማሽላውን እኛ ጎታ ያስቀመጠው የእናቴ ወንድም አያ ሙሄ አይጥ የበተነውን እህል አይቶ ዱላ ይዞ መጣ።

«ይቺ ሞታለች፤ ካልሞተችም ሥራ ፈታለች» አለ።

ጎታው ፊት ቆምኩ። «ክረምቱን ሙሉ እህልህን ስትጠብቅ አመስግነሃታል?»

«እዩዋት እስቲ፣ ለእባብ ጠበቃ ቆማለች» ብሎ ሳቀ።

ወንድሜ ሁሴን ነቅታ ከዱላው ትተርፋለች ብሎ ፍም በገል ይዞ ሊያስጠጋላት ሲል እናቴ እጁን ያዘችው። «ታቃጥላታለህ። የቤቱ ሙቀት ይበቃታል፣ ተዋት።» አባቴ ሁሉንም ሰምቶ ፈረደ፤ «የየካቲት ፀሐይ ግድግዳውን እስኪያሞቀው ትቆይ። ያኔ ካላደነች እንደ ፈቀድህ አድርጋት።» አያ ሙሄ ዱላውን በሩ ጀርባ አቁሞ ሄደ። እኔም ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ዱላውን፣ ቀጥዬ እሷን አይ ነበር።

የካቲት ገብቶ የምሥራቁ ግድግዳ ሲሞቅ የተገፈፈ ቆዳዋን ከጎታው ሥር አገኘሁ። ከዚያም አንድ ቀን አያ ሙሄ ከእኛ ጋር ምሳ እየበላ ሳለ፣ አይጥ በአፏ እንደያዘች ከጎታው ጀርባ ብቅ አለች። እጁ ትሪው ላይ ቀረ። «ስትፈለፍል አንዷን ለእኔ ቤት ስጡኝ» አለ።

«መጀመሪያ ዱላህን ውሰድ» አልኩት። ተነሥቶ ወሰደ።

አሁን የልጅ ልጄ በስልኩ፣ ፈረንጆች በመስታወት ሳጥን ውስጥ መብራት የሚያበሩላት እባብ ያሳየኛል፤ «አያቴ፣ ያለ ማሞቂያ ትሞታለች ይላሉ» ይለኛል። አገራቸው ብርድ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ የእኛይቱ ግን ያለ ፍም፣ ያለ መብራት ስንት ታኅሣሥ አልፋለች። ያኔ የጭቃው ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልስላት ነበር። ዛሬ ቤቱ ሲሚንቶ ነው፣ አይጡንም በመርዝ ነበር የምንገድለው። ልጄ ግድግዳውን ሲለስን ግን ከማዳበሪያዎቹ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ እንዳይደፍን ከለከልሁት፤ የተመረዘ አይጥ የሚውጥ እንዳይሞት ብዬም መርዙን ከቤት አስወጣሁ።

«ምን ሊገባበት ነው፣ እማ?» አለኝ።

ከቀዳዳዋ አጠገብ ውሃ በገል አኖርኩ፣ ልክ እንደ ያኔው።