ራጂያና የተለሰነው ስንጥቅ

የጨርቅ ነጋዴው የመሐመድአወል ልጅ ራጂያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ድንጋይ ተምራ መጣች ሲባል፣ የፍኖተ ሰላም ገበያ ሌላ ወሬ አላስፈለገውም። «ድንጋይ ደግሞ ምኑን ይማሩታል?» አለች አንዷ። «ባል እንዳይሆናት ብቻ!» አለች ሌላዋ። አባቷ አቡጀዲ እየለኩ፣ «የኔ ልጅ የገደል ሐኪም ናት፤ እናንተም ከገደል አፍ አትርቁም» ብለው ዘጓቸው።

ሕክምናዋ እንዲህ ነው። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ አንድ የድንጋይ ካባ አለ፤ ሰዎች ከገደሉ ግድግዳ ሥር ድንጋይ እየፈለጡ እንጀራቸውን የሚያገኙበት። በግድግዳው አናት ላይ ስንጥቅ አየች። ለጥናቷ ብላ ስንጥቁን አሻግራ፣ እዚህም እዚያም፣ መዳፍ የሚያህል ጄሶ ለጠፈችበት። ጄሶ ግትር ነው፤ አይለጠጥም። አለቱ የፀጉር ያህል ከተላወሰ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ከሥር ያለ ሁሉ መውጣት አለበት።

በየሳምንቱ በባጃጅ እየመጣች ታያለች። ክረምቱ ገባ፣ ጎርፉ በስንጥቁ ወረደ፣ ጄሶው እንደ ሙሽራ ጥርስ ንጹሕ! ራጂያን እንቅልፍ ነሳት። ጎኑን የታመመ ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ አያቃስትም?

በመስከረም አንድ ጠዋት ጄሶውን በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ለስላሳ ነው፤ ገና ያልደረቀ አዲስ ልስን። እሷ የለጠፈችው በሰኔ ነበር።

«ይህን ማን ነካው?» ብላ ወደ ታች ጮኸች።

የካባው አንጋፋ ጠራቢ ሐብቴ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «እኔ ነኝ ልጄ፣ አትደንግጪ! እየተሰነጠቀ ቢያስቸግር፣ ለቤቴ ከገዛሁት ጄሶ እያመጣሁ እለስነዋለሁ። የእንግዳ ዕቃ በእጃችን ተበላሸ ይባል?»

«ከመቼ ጀምሮ ጋሼ?»

«ከፍልሰታ ወዲህማ በየማለዳው ነው።»

ለራጂያ ነገሩ ገባት። ጄሶው ክረምቱን ሙሉ ሲጮህ ከርሟል፤ እኚህ ደግ ሰው አፉን ሲደፍኑት። እየተንደረደረች ወረደች።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ግድግዳው እየሄደ ነው!»

ዘመኑ የሚሉት አሽሟጣጭ መዶሻውን ሳያስቀምጥ፣ «ወዴት? ባሕር ዳር?» አለ።

«ዱርቤቴ ሲደርስ ተሳፋሪ ይሞላል!» አለ ሌላው። ሳቁ። ሎሪው ቆሞ ጭነት ይጠብቃል፤ ማን ይስማት? በሞቴ አለች፣ በአባቴ አለች፣ ወይ ፍንክች!

ከካባው አፍ ወጣች፤ ግድግዳው ቢወድቅ ከማይደርስበት ቆመች። አንድ ድንጋይ አንስታ ማጅራቷ ላይ ጫነችና ጎንበስ አለች።

መዶሻው ሁሉ ዝም አለ። በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የሚቆም የበደለ፣ ምሕረት የሚለምን ሰው ነው። ቀርቦ ከጫንቃው አለማውረድ ነውር ነው።

«ኧረ ጣይው! ምን በደልሽን?» ጮኹ ሐብቴ።

«መጥታችሁ ካላወረዳችሁልኝ አልጥልም። አንድም ሳይቀር!»

«አጉል ነገር አመጣሽ» እያሉ፣ እያጉረመረሙ ወጡ። ዘመኑም፣ «ሳንጣላ ዕርቅ!» እያለ ተከተለ። ድንጋዩን ከማጅራቷ ያወረዱት ሐብቴ ናቸው።

«ጥቂት ብቻ እዚህ ቆዩልኝ» ብላ ለመነቻቸው፤ ተቀመጡ። ግድግዳው ዝም። ፀሐይዋ ከረረች። የሎሪው ሾፌር ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ።

«ሐኪሟ፣ በሽተኛሽ ከኛ ይሻላል» አለ ዘመኑ።

ራጂያ ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። ዛሬ ካልወደቀ፣ ነገ ተራራ ብትሸከም የሚያወርድላት እንደሌለ ታውቃለች። ነገ ደግሞ ሁሉም ከሥሩ ናቸው።

ሐብቴ ተነሡ። «እንግዲህ ልመናሽን ሰምተናል። መዶሻዬን ላምጣ» ብለው ወደ ውስጥ አዘገሙ። ሌሎቹም ልብሳቸውን እያራገፉ ይነሡ ጀመር።

ከላይ ጠጠር ተንጠባጠበ፤ እንደ ሽምብራ፣ ቀጥሎ እንደ ባቄላ።

«ጋሼ ሐብቴ!»

ሐብቴ ሰው ጠርቷቸው ጀርባ ሰጥተው አያውቁም። ቆሙ፤ ዞሩ፤ ጥቂትም ወደ እሷ ተራመዱ። «አቤት ልጄ?»

ግድግዳው ከኋላቸው ወረደ።

አቧራው ሲጠራ ሐብቴ አመድ መስለው ቆመዋል። ክምሩን አዩት፤ ሲጠርቡበት የዋሉትን ቦታ ፈለጉት፤ የለም።  ከዚያ ከዘመኑ ጀምረው የእያንዳንዱን ትከሻ ይዳስሱ ገቡ። «አለህ? አንተስ አለህ?»

ዘመኑ ቀልድ ጠፍቶበት፣ «አለሁ ጋሼ» አለ።

ሐብቴ ዳግመኛ ከመጀመሪያው ሰው መዳሰስ ጀመሩ። ማንም አላስቆማቸውም።