ፖሰሙ መስሎኝ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ አውስትራሊያ ሜልበርን፣ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ስኖር፣ እንግዳ ሁሉ ከሚገባበት ከጓሮው በር አጠገብ የወፍ ሳህን ሰቅዬ ሱፍ አኖርበት ነበር። ቀን ቀን በቀቀኖች ይመጣሉ። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ፖሰም የሚሉት ድመት የሚያክል አውሬ ከጣሪያው ወርዶ የተረፈውን ሲለቅም፣ ሳህኑ ከበሩ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል።

መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። እናቴ አዲስ አበባ በጽኑ ታማለች፤ እኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ የሚነገረው ማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። ሮጬ ስከፍት ያ ጉደኛ ቁጭ ብሎ ሱፌን ይፈለፍላል! ሰደብኩት፣ ሳቅሁም። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ኳ ሲል ብርድ ልብሴን ተከናንቤ መተኛት ለመድኩ።

አንድ ቅዳሜ ግን ማንኳኳቱ አልቆም አለ። «ብላና ጥፋልኝ፣ አንተ ሆዳም!» ብዬ ከአልጋዬ ጮህኩ። ማንኳኳቱ ቆመ። ከዚያ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ።

ስከፍት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እናቴ ከተቀበረች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ያለፈውን ቅዳሜና እሁድም ስሠራ ስለነበር፣ ከሥራ ኦፍ የምሆንበትን ቀን ሲጠብቁ ነው የቆዩት፤ ወግ ይሉታል! እኔ ሞኟ እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ለበቀቀን ሱፍ ስሰፍር፣ በአውሬ ኮሽታ ስስቅ ሰነበትኩ።