ራቁቱን ፎቶ የማይነሳው ፈረስ

ባሕር ዳር፣ ንጋት

ሚኒባሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። አብሮ አደጌ ናሆም ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ የመስኮቱን ወንበር ይዟል። ሊጠፉ የተቃረቡ የአፍሪካ እንስሳትን ፎቶ እያነሳ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ለዐውደ ርዕዩ የቀረው ጥንብ አንሳ ብቻ ነው። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ ከፎቶዎቹ ሥር በደቃቅ ፊደል ይለጥፍልኛል። ሰው ፎቶዎቹ ፊት አፉን ከፍቶ ሲቆም አይቻለሁ። ጎንበስ ብሎ ግጥሜን ሲያነብ ግን አላየሁም።

ዳንግላ፣ ጠዋት

ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ። አስተናጋጇ ካሜራውን አየችና "አርቲስት ነህ?" አለችው። ሂሳቡን የጠየቀችው እኔን ነው።

ከአዲስ ቅዳም ወዲያ በመንገዱ ዳርና ዳር ከሰል የጠገበ ማዳበሪያ ተደርድሯል። ናሆም ተኝቷል። ተኝቶ እንኳ ደስ ያለው ይመስላል።

ቆሰበር፣ ረፋድ

የናሆም ዘመድ ትናንት ደውሎለት ነበር፦ አንድ አዛውንት ፈረሳቸው ሞቶባቸዋል፤ በድኑን ለአሞራ ሜዳ ላይ ያወጡታል፤ ፎቶ ማንሳትም ፈቅደዋል። በባጃጅ ደረስን። ናሆም ራሱን ያዘ። የሞተው ፈረስ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ቀይ ዘርፍ ያለው ግላሱ ሳይቀር እንደ በዓል ቀን ተሸልሟል። ጥንብ አንሶቹ ባሕር ዛፉ ላይ ሰፍረው ንፋስ የሚያወዛውዘውን ዘርፍ ፈርተዋል።

"አባባ፣ ጌጡን ብናወርደውስ?"

"ፎቶ ልታነሳው አይደል የመጣኸው? ራቁቱን አይነሳም!"

"የማነሳው አሞራዎቹን ነው አባባ። ዘራቸው እያለቀ ነው።"

"የእኔስ ፈረስ ሁለተኛ አለው እንዴ?"

ናሆም ካሜራውን ዝቅ አደረገ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን አዞርኩ። አንድ ቀን እንኳ ባዶ እጁን ይመለስ!

ያን ጊዜ አንዱ ጥንብ አንሳ ዘሎ ወረደ፤ ክንፉን በፈረሱ ላይ ዘረጋ። አዛውንቱ ዱላቸውን አነሱ።

"ቆይ አንተ! ገና አልጨረስንም!"

ካሜራው ቀጭ አለ።

የመልስ ጉዞ

ሚኒባስ ውስጥ አሳየኝ። የተሸለመው ሙት፣ የተነሳው ዱላ፣ የተዘረጋው ክንፍ፤ አዛውንቱና አሞራው ዓይን ለዓይን። እንከን ፈለግኩ፤ ዳንግላ እስክንደርስ ፈለግኩ። ግጥም ነው፤ የእሱ ግን።

"ርዕስ ስጠው እስቲ" አለኝ። "አንተ ታውቅበታለህ።"

"አልመጣልኝም" አልኩት።

መጥቶልኝ ነበር።