ማሽኑ የማይቀበለው እጅ

ታላቅ እህቴ ቡና ስትለቅም አንድ እግር የላስቲክ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ሳታውቀው በባዶ እግሯ እስከ ማሳው ጫፍ ሄደች። ጫማውን ይዤ ደረስኩባትና «እግርሽ አይሰማሽም እንዴ?» አልኳት። «ደክሞኝ ነው» አለች። ደክሞኝ ነው ማለት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ላማችን ከሞተች ወዲህ ከቆጮና ከጎመን ሌላ ቤታችን የገባ ነገር የለም።

ያኔ ከዲላ በመጣ የጤና ቡድን ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቁጭ ብዬ ስለነበር፣ ጌዴኦኛም አማርኛም ስለምችል ወሰዱኝ። እኔ የሰውን ጥፍርና ምላስ በስልክ አነሳለሁ፣ ነርሷ ደም ትቀዳለች፣ ማሽኑ ፎቶውን ከደሙ ውጤት ጋር እያስተያየ ይማራል። ከተማረ በኋላ ቫይታሚን ያነሰውን ሰው ገና ሳይታመም ከፎቶ ብቻ ይለያል ተባለ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ችግሩ፣ ጥፍሩ የጠቆረ ሰው ሲመጣ ስልኩ «ፎቶው አይሆንም» ይላል። ፎቶ ከሌለ ደም የለም። በቡና ለቀማ ጊዜ ደግሞ ጥፍሩ ያልጠቆረ ማን አለ? ሴቶቹ በሎሚ ፈገፈጉት፣ በበረኪና ፈገፈጉት። አንዲት እናት «ቀለበት ሊያስርልን ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እጃቸው ግን ተልጦ ነበር።

እህቴን ጎትቼ አሰለፍኳት። ስልኩ እምቢ አለ።

«ቀጣይ!» አለ ኃላፊያችን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት።

«ቀጣይ የለም። እግሯ ደንዝዟል፣ ደም ይቀዳላት።»

«እህትሽ ስለሆነች ነው? ቀለም ያለበት እጅ ዳታውን ያበላሻል። ማሽኑ የሚያውቀው ንጹሕ እጅ ነው።»

«ታዲያ ይወቃ! ሊማር አይደል የመጣው? ንጹሕ እጅ ካማረው ቢሮ ለቢሮ ይዙር።»

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ቅርጫት አንስቼ ሰጠሁት። «እስከ ምሳ ልቀምና ያንተን እጅ እናንሳው።»

ሴቶቹ እልል አሉ። «ዶክተር፣ ግባ እስቲ!» መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ እልህ ያዘው መሰለኝ እጅጌውን ሰበሰበ። ጥሬውን ከቀዩ እየቀላቀለ ሲያወርደው «ኧረ ዛፉን ጨረሰው!» ብለው ጮኹበት። በምሳ ሰዓት እጁን አነሳሁት። «ፎቶው አይሆንም።» ታጥቦ መጣ። አሁንም አይሆንም። ጣቶቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸውና ነርሷን «ቅጂላት» አላት።

«ለሷ ብቻ አይደለም» አልኩ። «ለሁሉም።»

«ለዋናው ቢሮ ምን እላለሁ?»

«የቡና እጅ ነው በላቸው።»

ውጤቱ ሲመጣ ከሥጋና ከወተት የሚገኘው ቢ አሥራ ሁለት የሚባለው ቫይታሚን እህቴ ላይ በጣም ወርዶ ተገኘ። መርፌ ጀመረች። ድካሙ ለቀቃት፣ የእግሯ ድንዛዜ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ነርሷ «ትንሽ ቀደም ብላ ብትመጣ…» አለች። ቀድማማ መጥታ ነበር! ከዚያ ቀን ወር ቀደም ብላ ተሰልፋ፣ ስልኩ እጇን እምቢ ሲል የመለስናት እኛው ነን፣ እኔ ራሴ «ቀጣይ» ብያለሁ። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

አሁን ከይርጋጨፌ እስከ ገደብ ከተማ እየዞርኩ አነሳለሁ። የጠቆረ እጅ ሲመጣ ደሙን አስቀድቼ ከፎቶው ሥር «የቡና እጅ» ብዬ እጽፋለሁ። ከዋናው ቢሮ እየደወሉ ይጨቀጭቁኛል። ይጨቅጭቁ። ማሽናቸው ይህንን እጅ እስኪለምድ ድረስ አልተዋቸውም።