የርክርክ ቁልፍ

ቴዎ ዓባይ ማዶ ኮምፒውተር ይጠግናል። መዳፍ የምታህለውን ኪቦርድ ለወንጌላዊት ሲሸጥላት ሳቀባት።

«ጌም ለሚጫወቱ ልጆች ነበር ያስመጣኋት። አንቺ ማኅሌት ልትቆሚባት ነው?»

«አታሹፍ። እንደ ነገርሁህ አድርግልኝ።»

ማክሮ ፓድ ይሏታል። ዘጠኝ ቁልፍና አንድ የድምፅ ማዞሪያ አላት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የታዘዘውን ይሠራል። ወንጌላዊት ለስምንቱ ቁልፎች ስምንቱን የዜማ ምልክቶች ሰጠቻቸው። ዘጠነኛው የተቀዳ ድምፅ ያስጀምራል፣ ያቆማል።

«ይሄ መካከለኛው፣ ርክርክ ያልሽው፣ ምንድን ነው?»

«ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ነው። ነጥብ በነጥብ ይጻፋል።»

አባቷ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በሐይቁ ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ዜማ አስተምረዋል። አንድ ዜማ ግን ከደሴት መምህራቸው የተቀበሉት፣ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የቀረ የለም። ዓይናቸው ቀድሞ ጠፍቷል። አምና ደግሞ ሕመሙ አንደበታቸውን ወሰደ፤ የቀረቻቸው ቀኝ እጃቸው ናት፣ እሷም ትንቀጠቀጣለች። ዜማው በእሳቸው ድምፅ በአንድ ተማሪ ስልክ ተቀድቶ ተገኘ። ወንጌላዊት ከጉባኤው ውጭ ምስር እየለቀመች በጆሮዋ ያደገች ናት እንጂ አልተማረችም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቅጂውን ታሰማቸዋለች፣ ምልክቱን ስሙን ጠርታ ትጽፋለች። ልክ ከሆነ ጣታቸውን ያነሣሉ።

ሦስት መስመር ሲቀር ጣታቸው አልነሣ አለ።

«የኔታ፣ አልተሰማዎትም?» አለች፤ እንደ ተማሪዎቻቸው ነው የምትጠራቸው።

ቅጂው ላይ የሐይቁ ማዕበል ድምፁን ውጦታል። ለእሷም አልለይ አላት። ማዞሪያውን አዞረችው። እሳቸውም ዳብሰው እጃቸውን በእጇ ላይ ጫኑት። ማዞሪያው እንደ ድሮ ሬዲዮ መጨረሻ የለውም! ድምፁ ከዳር ከደረሰ ቆይቷል፣ ብረቱ ግን እንደ ወፍጮ ይዞራል፣ ይዞራል። እስከዞረ ድረስ ድምፅ የሚጨመር መስሏቸው አንገታቸውን አቅንተው ጠበቁ። ማቆም አቃታት።

በመጨረሻ እጃቸውን አንሥታ ቁልፎቹ ላይ አኖረችው። ቦታቸውን አስጠንታቸዋለች። ጣታቸው መካከለኛው ላይ ዐረፈ። በስክሪኑ ላይ ነጥቦች ጎረፉ፤ መስመሩን ሞልተው ወደሚቀጥለው ተሻገሩ።

ርክርክ ነው ያሉት? ወይስ እጃቸው ነው የተንቀጠቀጠው? ማንም እጁን ቢያሳርፍ የሚያርፈው እዚያው መሀል ላይ ነው።

«የኔታ! ርክርክ ነው?» ጮኸች። ጣታቸው አልተነሣም።

መዳፋቸውን ከጉሮሮዋ ላይ አደረገችና መስመሩን አዜመችው። በሰው ፊት ዜማ አውጥታ አታውቅም። አንድ ጊዜ እያንቀጠቀጠች፣ አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጋ። ጣታቸው ሁለቱንም ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ እኩል።

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ወንጌላዊት ነጥቦቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ከዜማው ቃል በላይ፣ ምልክቱ በሚጻፍበት፣ ባዶ ቦታ ተወች፣ በኅዳጉ ላይም «ይህን አልሰማሁትም» ብላ ጻፈች።

የአባቷ መዳፍ ከጉሮሮዋ ላይ አልተነሣም። የሚቀጥለውን መስመር ይጠብቃል።