አመስጋኙ ክቡር

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ክቡር» ነው የሚለው። ከክልሉ ምክር ቤት ከወጣ ስንት ጊዜው! ዳቦ ቤት ሲሰለፍ «ክቡር፣ ወደ ፊት ይለፉ እንጂ» ይሉታል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ሊያሾፍበት። እሱ ለሁለቱም እኩል እጅ ይነሣል። እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። በልብስ ሰፊ ተራ ከማዘጋጃ ቤት የተከራየናት፣ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ሱቅ ነበረችን። ያኔ ጤፍ የሚቆላ ምላስ ነበረው። አንድ ሰሞን መብራት ሲጠፋብን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ ኃላፊውን ከስብሰባ አስወጣው። «መርፌውን በዳበሳ እንስፋበት ወይ?» ብሎ ጮኸበት። በነጋታው መብራቱ መጣ። የተራው ሰውም «ይሄንን ምላስ ምክር ቤት ነው መላክ» አለና መረጠው። እኔም መረጥኩት፤ ምን ላድርግ፣ ኮርቼ ነበር።

ሱቁን ለእኔ ትቶ ሄደ። ሙሉ ልብሱን የሰፋሁለት ራሴ ነኝ፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ብዬ ትከሻው ላይ ትንሽ አጠበቅኩት።

እዚያ ምክር ቤት ግን አንድ ልማድ አለ፤ ሰው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም። መጀመሪያ አፈ ጉባኤው ይመሰገናሉ፣ ቀጥሎ ረቂቁን ያየው ኮሚቴ፣ ከዚያ ያዘጋጀው ቢሮ። ባሌ አንድ ቀን ሳያመሰግን ቢጀምር አፈ ጉባኤው «የተከበሩት አባል ገበያ ውስጥ ያሉ መሰላቸው» ብለው አዳራሹን አሳቁበት። ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ሥርዓት አላቸው፤ መማር አለብኝ» አለኝ። ተማረ፤ ምነው ባልተማረ! ቤት ውስጥ እንኳ ጨው አቀብይኝ ለማለት መጀመሪያ ስለ ምግቡ ያመሰግነኝ ጀመር።

በሁለተኛው የምርጫ ዘመኑ የገበያው አዋጅ መጣ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ተራው ይፈርሳል፣ ፎቅ ይሠራል፣ የይዞታ ካርታ ያለው ምትክ ሱቅ ያገኛል። ካርታ ያላቸው ደግሞ ጨርቅ አስመጪዎቹ ናቸው፤ እኛ ሰፊዎቹ ሁላችንም ተከራይ ነን። እንዳለ ከጸደቀ ሱቃችን መሄዷ ነው። አጠገባችን ቁልፍ የሚተክሉት ሽማግሌ፣ አባባ ቁልፍ የምንላቸው፣ ቤታችን ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ብዙ አንፈልግም። ተከራይም ምትክ ያገኛል የምትል አንዲት ቃል አስገባልን» አሉት።

«በእኔ ይጣሉት አባባ» አለ።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ካልሲውን እያጠለቀ ያቺን ቃል ደጋግሞ ያጠናታል፤ እኔ ሸሚዙን እየተኮስኩ አዳምጣለሁ። ጉባኤው በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ ተራው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተጠቀጠቀ። ለባሌ ሦስት ደቂቃ ተሰጠው። ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ። አፈ ጉባኤውን አመሰገነ። ኮሚቴውን አመሰገነ። ቢሮውን፣ ባለሙያዎቹን፣ በየመድረኩ ሐሳብ የሰጠውን ሕዝብ አመሰገነ። እኔም ከመሃላቸው ሆኜ «ግባ፣ አሁን ግባ» እለዋለሁ፣ የሚሰማኝ ይመስል። «ወደ ነጥቤ ስመጣ» ሲል አባባ ቁልፍ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ደወሉ ጮኸ።

«የተከበሩ አባል፣ ሰዓትዎ አልቋል፤ እናመሰግናለን።»

«እኔም አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ፀጉር አስተካካዩ «እኔን ብቻ ነው የረሳኝ» አለ። ማንም አልሳቀም።

እሱስ ይሁን፤ ሰው ይደነግጣል። ግን «የምትደግፉ» ሲባል ካሜራው ረድፉን እየቃኘ ሲያልፍ የባሌ እጅ ከሁሉም ጋር ተነሥታ አየኋት። እጅጌውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አልሳሳትም።

ቤት ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ለምን?» አልኩት።

«ብቻዬን ምን አመጣለሁ? ዛሬ ብቃወማቸው ነገ አይሰሙኝም። መመሪያው ሲወጣ አስገባታለሁ። እስከዚያው ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም፤ ሱቃችን ግን ይፈርሳል!»

መመሪያው ወጣ፤ ስለ ተከራይ ትንፍሽ ያላለ መመሪያ። ተራው ፈረሰ። ሰፊዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ አባባ ቁልፍም ልጃቸው ጋ ሌላ ከተማ ገቡ። በሚቀጥለው ምርጫ ባሌ ቅስቀሳ ሲወጣ የሚያውቀው ሰው አጣ፤ ድምፅ ይሰጡት የነበሩት ከአካባቢው ለቀዋል። ተሸነፈ። ጓደኞቹ «ተንኮል ተሠራበት» ይላሉ። ማን ይሥራበት? የገዛ መራጮቹን ያስነሣው ራሱ ነው።

አሁን ሁለቱ መኪኖች መኝታ ቤታችን ውስጥ ናቸው። ደንበኛ አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሱሪው እስኪያጥርለት ይጠብቃል፤ እሱም ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ፎቅ ውስጥ፣ ደረጃው ሥር፣ ለአንድ መኪና የሚበቃ ባዶ ቦታ እንዳለ ሰማሁና ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ባሌ «አብሬሽ ልግባ?» ሲለኝ «በር ላይ ጠብቀኝ፤ የምቸኩልበት ጉዳይ ነው» አልኩት።

ኃላፊዋ ጨዋ ልጅ ናት። ወንበር ሰጠችኝ፤ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እትዬ፣ ባደርግልዎ ደስ ባለኝ። አዋጁ ግን ተከራይ አይልም። ሲጸድቅ አንድ ሰው እንኳ ተቃውሞት ቢሆን፣ ያንን ይዤ ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ አቀርብልዎ ነበር፤ ተቃውሞ የተመዘገበበትን እንደገና ያዩታል። ይሄ ግን በሙሉ ድምፅ ነው የጸደቀው።»

ባሌ በሩ ጋ ቆሞ ከዘበኛው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። ሲያየኝ ቶሎ ብሎ መጣ።

«ምን አሉሽ?»

«በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነው አሉኝ።»

ለዘበኛው እጅ ነሣና ተከተለኝ። «እኔ ብቃወምም እኮ ያልፍ ነበር።»

«ያልፍ ነበር» አልኩት። «በሙሉ ድምፅ ግን አይባልም ነበር።»