ከጅራቱ በታች ያለው ረድፍ

ካርቱም ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንስሳት ናሙና በሚቀመጥበት ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ወለል እጠርጋለሁ፣ አቧራ አራግፋለሁ፣ እንሽላሊትና እባብ የተዘፈዘፉባቸው ብልቃጦች አልኮላቸው ሲጎድል እሞላለሁ። ኃላፊው አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ሌላ ሥራ ጨመሩልኝ። የሞተውን እባብ በጀርባው አጋድሜ፣ በመርፌ ጫፍ እየነካሁ የሆዱን ቅርፊት እቆጥራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ሐሳቤ ወደ ሌላ ሄዶ አንዱን ከዘለልኩ እንዴት እንደሚያውቁብኝ እግዜር ይወቀው፣ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እንደገና» ይሉና ከአንድ ያስጀምሩኛል። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ከአንድ መጀመር ደሜን ያፈላው ነበር፤ ይህንንም አልደበቅኳቸውም።

እኔ ባደግሁበት አገር እባብ እባብ ነው። የእባብ ልጅ እባብ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ መከፋፈል የሥራ ፈት ሥራ ነው። እሳቸው ግን ፍጥረትን ሁሉ በወገን በወገኑ፣ በዝርያ በዝርያው ሳይመድቡ እንቅልፍ የሚወስዳቸው አይመስለኝም። አንድ ቀን ሁለት ብልቃጥ ፊቴ አስቀመጡ። በሁለቱም ውስጥ ያሉት አጠር ያሉ፣ አሸዋ የመሰሉ፣ ጀርባቸው ላይ ነጣ ያለ ጠቃጠቆ ያለባቸው እባቦች ናቸው። ሲቆጡ ሁለቱም ተጠቅልለው ቅርፊታቸውን እያፋተጉ እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣሉ አሉኝ። አንደኛው ሰው የሚገድል እፉኝት ነው። ሌላው እንቁላል እየዋጠ የሚኖር፣ ለመናከስ የሚበቃ ጥርስ እንኳ የሌለው ምስኪን ነው፤ ዕድሜውን የሚገፋው የገዳዩን ልብስ ለብሶ በማስፈራራት ነው።

ለያቸው አሉኝ። የእፉኝቱ ራስ ሰፊ ነው፣ በደቃቅ ቅርፊት የተሸፈነ፤ የሌላው ጠባብ ነው፣ ቅርፊቱም ሰፋፊ። ወዲያው ለየሁ። ከዚያ የእባቦቹን ራስ በመዳፋቸው ጋርደው አሁንስ ሲሉኝ ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ። ገለበጧቸውና ጅራታቸውን አሳዩኝ። ከመጸዳጃው ቀዳዳ ወደ ታች የእንቁላል በሊታው ቅርፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ በሁለት ረድፍ ይወርዳል፤ የእፉኝቱ ግን አንድ ረድፍ ብቻ ነው። ሰው የሚያመጣልኝ እባብ ሁልጊዜ ራሱ የተቀጠቀጠ ነው፣ ስለዚህ ጅራቱን እወቂ አሉኝ። ታዲያ የእባብ ራስ ሳይቀጠቀጥ ይተዋል ወይ፣ ከሔዋን ጀምሮ የታዘዝነው ይኸው አይደል ወይ ብዬ ተከራከርኳቸው። ስለ እኔ ብለሽ አንዱን ማሪልኝ አሉ። እሺ አልኩ፤ ለአፍ ያህል።

ያን ጊዜ የምኖረው ከካርቱም ዳር፣ ሶባ ነበር፣ ሐበሾች በተከራየነው አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከአንዲት ወጣት ጋር። እናቷ ያገሬ ሰው ነበረች፣ አባቷ ሱዳናዊ። አባቷን አታውቀውም፤ እናቷ ስትሞት እኔ ዘንድ ቀረች። አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች። አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው፣ ሲቸግራት ደግሞ ሁሉም። እወዳት ነበር፤ ስለምወዳትም ቀኑን ሙሉ እጮህባት ነበር።

ነገሩ የሆነው በኸሪፍ፣ የካርቱም ዝናብ በሚወርድበት ወቅት፣ በአንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢው ኩሬ ሆኗል። እሷ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ የራሳችንን ልብስ ልታጥብ ተነሳች፤ ሳፋውን ከእንጨቱ ክምር ሥር ለመሳብ እጇን ከተተች። አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞራ የቀኝ እጇን ሌባ ጣት አሳየችኝ።

«ያ ኡኽቲ፣ ደቢብ ነደፈኝ» አለች። ኡኽቲ እህቴ ማለት ነው፤ እባብንም ሱዳኖች ደቢብ ነው የሚሉት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን መናገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ከእንጨቱ ሥር አንድ ነገር ሲሳብ አየሁ። በር የምናስደግፍበትን ድንጋይ አንስቼ ራሱን መታሁት። አንዴ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ራሱ ከጭቃው ጋር እስኪቀላቀል ቀጠቀጥኩት፤ እየቀጠቀጥኩም እሳደብ ነበር። የግቢያችን ታላቅ፣ እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ከነጠላቸው ጥለት ቀደው የልጅቷን ክንድ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። የእባቡ ጓደኛ ደም አሽትቶ እንዳይመጣ ይቃጠል አሉ። ቶሎ ያቃጥሉት አልኳቸውና፣ ልጅቷን አቅፌ፣ ራክሻ በምንላት ባለ ሦስት እግር ታክሲ ተሳፍሬ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ እባቡ የትኛው እንደሆነ ነው። ገድዬዋለሁ አልኩት። ጥሩ፣ ግን የትኛው ነው፣ ራሱ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ አለኝ። እባብ ስገለብጥ የኖርኩት ሴትዮ፣ አላየሁትም አልኩት። ራሱን ሳላየው ነበር ያደቀቅኩት።

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ጣቷ አብጧል፣ ነገር ግን እብጠቱ የመርዝ ይሁን የእማማ ማሰሪያ ያመጣው አይለይም። የእፉኝት መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ደሟ መርጋት አለመርጋቱ የሚታየው በመስታወት ቱቦ ነው፣ እሱ ደግሞ አልቋል፤ በፕላስቲኩ የሚታየው አይታመንም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው መድኃኒት የሚሠራው ለእፉኝት ብቻ ነው። ኮብራ ከሆነ አይጠቅማትም፣ ድልድይ ተሻግሮ ባሕሪ ከተማ ድረስ ሌላ መፈለግ ነው። መርዝ የሌለው ከሆነ ደግሞ አያስፈልጋትም፤ ሰውነቷ ካልተቀበለው መድኃኒቱ ራሱ በከንቱ ሊገድላት ይችላል። እፉኝት ሆኖ ዝም ብለን ከጠበቅን ግን ከውስጥ መድማት ትጀምራለች። ከእባቡ የተረፈ ነገር ካለ ፈጥነሽ አምጪው አለኝ።

ቶሎ ያቃጥሉት ያልኩት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ለእማማ ስልክ ደወልኩ፤ እሳቸው ስልካቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ የሚያኖሩ ሰው ናቸው፣ ማን ያንሳው። በራክሻ ተመለስኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወርጄ ጫማዬን አወለቅሁና ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። እየሮጥኩ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጌታዬ፣ እንጨቱን አርጥብልኝ።

ጭሱን ከውጭ አየሁት። እማማ ጋዝ አርከፍክፈው ለኩሰውታል፣ እንጨቱ ግን ሌሊት ሲዘንብበት ስላደረ ከጭስ በስተቀር ብዙም አልነደደም። ወገቡ ድረስ ተንጨርጭሯል፤ አሸዋ የመሰለው ባለ ጠቃጠቆ ጅራቱ ከእሳቱ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ ኮብራ አይደለም፣ ከሁለቱ አንዱ ነው። በባዶ እጄ ጎትቼ አወጣሁት። እማማ አማተቡ፤ እባቡ ነፍሴን የያዘው መስሏቸው ነው። ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና በጀርባው ገለበጥኩት፣ ከቀሚሴ የመርፌ ቁልፍ ነቀልኩ፣ መቁጠር ጀመርኩ።

ሰባት ላይ ጠፋብኝ። ማንም ሳያዘኝ ከአንድ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፤ ጥንድ ሆኖ እንዳገኘው እለምን ነበር። ጥንድ ከሆነ እንቁላል በሊታ ነው፣ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ደግሞም አራተኛው ቅርፊት ላይ መሐል ለመሐል አንድ ቀጭን መስመር አየሁ። አምስተኛውም ላይ አለ። እዚያ ላይ ላቆም፣ ተነስቼ ልሄድ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዚያ አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ ጠረግሁት። መስመሩ ጠፋ። ጭቃ ነበር። እያንዳንዱን እየጠረግሁ እስከ ጅራቱ ጫፍ ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ፤ ሁሉም ነጠላ፣ ሁሉም አንድ ረድፍ።

ጅራቱን በላስቲክ ይዤ ስመለስ ጠቅላላው ወደ ሁለት ሰዓት ያህል አልፏል። ልጅቷ ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ እብጠቱ ከማሰሪያው አልፎ ወጥቷል። እፉኝት ነው አልኩት ሐኪሙን። በምን አወቅሽ አለኝ። ስነግረው እኔንና ባዶ እግሬን ተራ በተራ አየ። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ አልኩ። አልፈርድበትም፤ በቃሌ ሰው ቢሞት የሚጠየቀው እሱ ነው።

ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። አያነሱም። የዓርብ ጸሎት ሰዓት ነው፣ መስጊድ ናቸው። እንደገና ደወልኩ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል፣ ግን አይከፍተውም። ልጅቷ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ስልኬን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ስል ጮኸ።

ፕሮፌሰሩ ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱኝም። ራሱስ አሉኝ፤ የለም አልኳቸው። ጅራቱስ? አንድ ረድፍ። ቁጥሩስ? ሠላሳ አንድ። ጠርገሽ ነው የቆጠርሽው? ጠርጌ፣ ከአንድ ጀምሬ። ለሐኪሙ ስጪው አሉኝ። ድምፃቸው ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር።

«እሷ ከቆጠረች እኔ አልደግምም» አሉት። «እፉኝት ነው፣ ክፈተው።»

ከፈተው። መድኃኒቱ መግባት ሲጀምር ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ ዓይኗ አበጠ፣ መንቀጥቀጥ ያዛት። ሐኪሙ ሌላ መርፌ ወግቷት አብሯት ቆመ። እኔ እግሯን ይዤ፣ ተሳስቼ ከሆነ የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ ነበር። መንቀጥቀጡ ተዋት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ድዷ መድማት ጀመረ፤ ሐኪሙ ደሙን አይቶ ወደ እኔ ዞረና ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነበርሽ ማለቱ ነው። ሁለተኛውን ብልቃጥ ጨመረላት። ፀሐይ ስትጠልቅ ድዷ ደረቀ፣ ውኃ ጠጣች፣ ሻይ ይሰጠኝ አለች። እኔ ከደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ነፍሷ ተረፈች፣ ጣቷ ግን አልተረፈም። ጠቆረ፣ ሞተ፣ በሳምንቱ በሌላ ሆስፒታል ተቆረጠ። ያለፈው ሰዓት ለጣት ረዥም ነው፣ ወዲያው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይድን ነበር አለኝ የቆረጠው ሐኪም፤ እንደ ተራ ወሬ ቀለል አድርጎ። የአል-ማንሺያዋ እመቤት ደግሞ ጉልበት የሌለው እጅ ላጣቢነት አይሆንም ብላ ሸኘቻት።

አንድ ወር ያህል ለልጅቷ እውነቱን ሳልነግራት ቆየሁ። እማማ ለጎረቤቱ ሁሉ ጅራት ቆጥራ አዳነቻት እያሉ ያወሩ ነበር፤ እሷም እጄን ትስም ነበር። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ልብስ ስናጥብ አወጣሁት። ራሱን ባልቀጠቅጠው፣ ባላስቃጥለው ኖሮ ሐኪሙ ገና ስንደርስ ያውቀው ነበር፣ ጣትሽን የበላው እባቡ ብቻ አይደለም አልኳት።

እጇን ከአረፋው ውስጥ አላወጣችም። የምትለውን በአማርኛ እየፈለገች እንደሆነ አውቄያለሁ።

«እማማ ቢቀጠቅጡት አያውቁም» አለች። «ኢንቲ፣ አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

ቀና ብላ አላየችኝም። የታጠበውን አንሶላ ከሳፋው አወጣች፣ አንደኛውን ጫፍ ሰጠችኝ፣ ሌላውን በግራ እጇ ያዘች። እኔ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ እያዞርን ለሁለት ጨመቅነው።